ከቆዳው ማዶ ያለው ውሃ

ሬሳውን ያገኙት አቶ በላይ ናቸው። ረቡዕ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ የመስኖ ተራቸው ደርሶ ቦዩን ከፈቱ፤ ውሃው ግን አልመጣ አለ። ጎረቤት ሰረቀኝ ብለው እየተራገሙ በቦዩ ሽቅብ ወጡ። ከመርሳ ወደ ግራና በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ማንጎ ዛፉ ሥር፣ አንድ ወጣት በግንባሩ ተደፍቶ ቦዩን ዘግቶታል።

ኢንስፔክተር ፋንቱ ከወልድያ ስትደርስ አሥራ አንድ ሰዓት አልፎ ነበር። ሃምሳ ዓመት ሊሞላት አንድ ዓመት የቀራት፣ ከምትናገረው የምታየው የሚበዛ ሴት ናት። ሬሳውን አየች፤ ከማጅራቱ በላይ በከባድ ብረት ተመትቷል። የኪስ ቦርሳውና ስልኩ አልተነኩም። በትከሻው ያነገታት ትንሽ ከረጢት ግን ተከፍታ ባዶዋን ቀርታለች።

"ነክተውታል፣ አባባ?" አለቻቸው አቶ በላይን።

"አዙሬዋለሁ። ነፍስ ያለው መስሎኝ።"

"ሌላ ሰው አላዩም?"

"ከማንጎው በላይ ባለው ማሳው ዓሪፍ ውሃ ሲያጠጣ ነበር። ከእኔ በፊት ተራው የሱ ነው።" ሽማግሌው ወደ ማሳቸው ዞር ብለው አዩ። "እውነቱን ልንገርሽ ልጄ፣ መጀመሪያ የተናደድኩት ስለ ውሃው ነው። አሁን ራሴን ታዘብኩት።"

ሟቹ ናሆም ይባላል። የወልድያ ልጅ ነው፤ ሃያ ስምንት ዓመቱ። መርሳ ዳር ላይ ባለው የአልኮል ማምረቻ የኬሚስትሪ ባለሙያ ነበር። ሐኪሙ የሞተው ከሰባት ሰዓት ተኩል እስከ ዘጠኝ ባለው ጊዜ ነው አለ።

ማምረቻው ከማንጎው የግማሽ ሰዓት መንገድ ነው። በገበያ የተበላሸ ማንጎና ብርቱካን ገዝቶ ያብላላል፣ ያጣራል፤ የሚወጣው አልኮል ለምድጃና ለሐኪም ቤት ይሸጣል። ለመጠጥ አይሸጥም። የከሰዓቱ ተረኛ ግርማ ፋንቱንና ሳጅን ሄኖክን እየመራ አስገባቸው። ሠላሳ አምስት ዓመት ገደማ የሆነው፣ ንጹሕ የለበሰ፣ ማስረዳት የሚወድ ሰው ነው።

"አልኮል በማፍላት ከመቶ ዘጠና አምስት ይደርሳል፣ ከዚያ ይቆማል" አለ። "አምስቱ ውሃ ነው። ብታፈላው ብታፈላው አብሮት ይወጣል እንጂ አይለቀውም። ናሆም ይህን መሣሪያ ያስመጣው ለዚያ ነው።"

ከበሩ ትይዩ አንድ ጠፍጣፋ የብረት ሣጥን ቆሟል። ግርማ ጎኑን መታ መታ አደረገው።

"ውስጡ ከፖሊመር የተሠራ ስስ ሽፋን አለ። እኛ ቆዳው ነው የምንለው። የሞቀው አልኮል በዚህ ፊቱ ያልፋል። በማዶ በኩል ሞተሩ አየሩን ይስባል። ውሃው ቆዳው ውስጥ ይሰርግና በማዶ እንፋሎት ሆኖ ይወጣል። እንፋሎቱ በረዶ ውስጥ ያለው ጠርሙስ ሲደርስ ተመልሶ ውሃ ይሆናል።"

"ወንፊት ነዋ" አለ ሄኖክ።

"አይ ሳጅን፣ ቀዳዳ የለውም። ውሃውን ስለሚወደው ይጠጣዋል፤ ጠጥቶ በማዶ ይተነፍሰዋል። አልኮሉን አይወደውም። ናሆም ሲያስተምረን እንዲህ ነው ያለን፤ ውሃ ብቻ ነው የሚያልፈው።"

"አንተ ዛሬ ከስንት እስከ ስንት ሰዓት ነበርክ?"

"ከሰባት እስከ አሥር። ጠዋት ዓሪፍ ነው፤ ሰባት ላይ አስረክቦኝ ወጣ።" መደርደሪያው ላይ የተደረደሩትን ጠርሙሶች አሳያት። የዓሪፍ ስድስት፣ የግርማ ሦስት፤ እያንዳንዳቸው ላይ ሰዓትና ስም ተጽፏል፣ አፋቸው በላስቲክ ታሽጓል። "በሰዓት አንድ ጠርሙስ ይሞላል። ሲሞላ ካልቀየርከው ውሃው ሞተሩ ውስጥ ገብቶ ያቃጥለዋል። እዚህ የቆመ ሰው ሽንት ቤት እንኳ በሩጫ ነው የሚሄደው።"

ፋንቱ ጠርሙሶቹን ቆጠረች። ዘጠኙም እስከ አንገታቸው ሙሉ ናቸው።

"ስልኩን አይተነዋል፤ ናሆም ሰባት ሰዓት ከሃያ ላይ ደውሎልሃል።"

"አዎ። ስንት ጠርሙስ ወጣ ብሎ ጠየቀኝ።"

"በሃያ ደቂቃ?"

ግርማ ትንሽ አሰብ አደረገ። "የጠዋቱን ማለቱ ነው።" ከዚያ ድምፁን ቀነስ አደረገ። "ሰው ማስያዝ አልወድም። ግን ትናንት ዓሪፍ ሲጮህበት ሰምቻለሁ። 'አጠፋኸኝ፤ አላህ ይይልህ' ነው ያለው።"

ዓሪፍ አካፋውን እንደያዘ ማሳው ላይ ተገኘ። ከማንጎው እስከ ማሳው ድንጋይ ቢወረወር ይደርሳል። ሃምሳ አምስት ዓመቱ ነው፤ ጢሙ ሸብቷል፤ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሏል። የልጁን መሞት ሲሰማ አካፋውን ጣለና "ኢንና ሊላሂ" ብሎ ቁጢጥ አለ።

"በሰባት ሰዓት ከሥራ ወጡ። ከዚያስ?" አለችው ፋንቱ።

"በቀጥታ ወደዚህ። ተራዬ ስምንት ሰዓት ላይ ነበር።"

"ማን አየዎት?"

"ማሽላው።"

"ትናንት ከናሆም ጋር በምን ተጣላችሁ?"

ዓሪፍ ቀና ብሎ አያትና መሬት መሬት ማየት ጀመረ። "እሱን ተይው።"

"ሰው ሞቶ እንዴት እተወዋለሁ?"

"እኔ አልገደልኩትም። ያን ግን አልናገርም።"

ያን ዕለት መርሳ ፖሊስ ጣቢያ ታሰረ።

ሐሙስ ጠዋት ፋንቱና ሄኖክ ግራና ሄዱ። ናሆም ከመሞቱ በፊት ስድስት ሰዓት ላይ ግራና ብርቱካን የምትባል አረቄ ሻጭ ቤት እንደገባ ያየው ሰው ነበር። ወሬው ሌላም ነገር ይዟል። ባለፈው ሳምንት ከብርቱካን ቤት የጠጡ ሁለት ሰዎች ዓይናቸው ጠፍቷል። አንደኛው ዳዊት የሚባል ግንበኛ ነው፤ ወንድሞቹ "የአልኮል ፋብሪካውን ሰዎች እናያቸዋለን" ብለው በገበያ ሲዝቱ ተሰምተዋል።

"እነዚህ ናቸው" አለ ሄኖክ በመንገድ ላይ። "ደም የፈላበት ሰው ማንንም ያገኘውን ይመታል።"

ወንድማማቾቹ ግን ከሰኞ ጀምሮ ዳዊትን ይዘው ደሴ ሐኪም ቤት ነበሩ። ነርሷ በስልክ አረጋገጠች፤ ረቡዕ ከሰዓት ሁለቱም ደም ሰጥተዋል። ሄኖክ ስልኩን ዘግቶ ስማቸውን ከማስታወሻው ሰረዘ።

ብርቱካን በሯ ላይ ቆማ ተቀበለቻቸው። ቤቷ ታጥቧል፣ መለኪያዎቹ ተደፍተዋል።

"አረቄ ፈልጋችሁ ከሆነ ቄስ ሆናለች በሉ" አለች።

"ልጁ ምን ፈልጎ መጣ?" አለች ፋንቱ።

"ያንኑ። ከየት ነው የምታመጪው አለኝ። የተረፈውን አሸተተ፣ በትንሽ ብልቃጥ ቀድቶ ከረጢቱ ውስጥ ከተተ።" የፋንቱን ዓይን ሸሸች። "አልኮል ሲጣራ መጀመሪያ የሚወርደው መርዝ ነው አለኝ። እዚያው ማምረቻው ጉድጓድ ውስጥ ይደፋል እንጂ ለሰው አይሰጥም አለ። እኔ በምን አውቄ፣ እትዬ? ከራሴ አረቄ ጋር እየቀላቀልኩ ስሸጥ ነበር።"

"ብልቃጡ ከሬሳው ጋር የለም። ማነው የሚያመጣልሽ?"

"ጀሪካኑ ማንጎው ሥር ይቀመጥልኛል።"

"ማነው አልኩሽ።"

ብርቱካን በሯን ግማሽ ዘጋች። "ለልጁ ስሙን ነገርኩት። ስነግረው በሕይወት ነበር። አሁን አንቺ ደግሞ ንገሪኝ ትያለሽ። የምታስሪኝ ከሆነ እሰሪኝ፤ እስር ቤት ቦይ የለውም።"

ሲመለሱ ፋንቱ በማምረቻው በኩል ዞራ ገባች። ያ መርዝ የሚደፋበት ጉድጓድ ከጓሮ ነው። ክዳኑን አነሳች። ሸረሪት አድርቶበታል። ከደረቅ አፈር በቀር ምንም አይሸትም። የመድፋቱ ሥራ የማን እንደሆነ ጠየቀች። ሁለቱ ተረኞች በየተራ ነው ተባለች። ዓሪፍና ግርማ።

"ከሁለት አንዱ ነው" አለ ሄኖክ። "አንዱ ሦስት ጠርሙስ አለው። ሌላው ማሽላ።"

ጣቢያ ስትደርስ ከወልድያ አለቃዋ ደወለላት። ሰውየው ነገ ፍርድ ቤት ይቅረብ፣ አርባ ስምንት ሰዓቱ አያምልጥሽ አላት። ስልኩን ስታስቀምጥ አንዲት ልጅ ምሳ ዕቃ ይዛ በር ላይ ቆማለች።

"ናጅዋ እባላለሁ። የዓሪፍ ልጅ ነኝ።"

"ግቢ። ተቀመጪ።"

አልተቀመጠችም። "እሑድ ኒካሕ አለኝ። ወልዬ አባቴ ነው፤ እሱ ካልሰጠኝ ሌላ ወንድምም አጎትም የለኝም። የእጮኛዬ አባት ጋሽ አብዱልሐሊም ትናንት ሰው ልከው፣ ነገሩ እስኪጠራ ይቆይ ብለዋል። ጭራሹኑ ይቀር ይሆናል።" እንባዋን አልጠረገችም። "አባቴ ዶሮ ሲታረድ ፊቱን የሚያዞር ሰው ነው።"

"እኔም ያንን ማመን እፈልጋለሁ። ግን አይናገርም። ማክሰኞ ከሥራ ሲመለስ እንዴት ነበር?"

ናጅዋ አሰበች። "ውሃ ደፋ።"

"ምን ውሃ?"

"ከመሣሪያው የሚወጣውን ነዋ። በየቀኑ አንድ ጀሪካን ያመጣል። ቧንቧ በአሥራ አምስት ቀን አንዴ ነው የሚመጣው፤ ወንዝ መውረድ የማይችሉ ሽማግሌዎች አሉ። ለውዱእ፣ ለሶላት መታጠቢያ፣ እንዲሆናቸው መስጊድ ያደርስላቸዋል። ማክሰኞ ግን መስጊድ አልሄደም። ሙሉውን ጀሪካን አፈሩ ላይ ደፋው። በዚህ ድርቅ። እናቴ አበድክ ወይ አለችው። አልመለሰላትም።"

ፋንቱ ምሳ ዕቃውን ተቀበለቻትና ራሷ ይዛው ገባች።

ዓሪፍ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተቀምጧል። ምሳ ዕቃውን አጠገቡ አኖረችው።

"ውሃውን ለምን ደፉት?"

ትከሻው ሲደነግጥ አየች።

"ናጅዋ ከበር ናት። እሑድ ሦስት ቀን ቀርቶታል።"

ፋንቱ ሲሚንቶው ላይ ተቀመጠችና ጠበቀችው።

"ከገባሁ ጀምሮ በውሃው በኩል ነው የምሠራው" አለ በመጨረሻ። "ለመጠጥ እንደማይሸጥ ጠይቄ፣ አልኮሉንም ላልነካ ተስማምቼ ነው። ልጁ ቆዳውን የሚያልፈው ውሃ ብቻ ነው አለኝ። ንጹሕ ነው ብዬ ሦስት ወር ሙሉ ታጥቤበታለሁ፤ ለመስጊድ ሰጥቻለሁ። ማክሰኞ ለዙህር ሶላት ስታጠብ አየኝና ፊቱ ተለወጠ። 'ጋሼ፣ በዚህ አይታጠቡ፤ ትንሽ ትንሽ አልኮል አብሮ ያልፋል' አለኝ። በቅጡ ስታሸቺው አለበት። ቤቱ ሁሉ ስለሚሸት ነው ያልለየሁት። ለምን ዋሸኸኝ አልኩት። 'ለማስረዳት እንዲቀል ብዬ ነው፤ የእርስዎን ሶላት አላሰብኩም' አለኝ። እሱ ይለምነኛል፣ እኔ እሰድበዋለሁ።"

"ይህን ለመናገር ነው መታሰር የመረጡት?"

"ሰማንያ ዓመት የሞላቸው ሰዎች ናቸው። ሦስት ወር የሰገዱትን አበላሸሁባቸው ብዬ በምን አፌ ልበል? አብዱልሐሊም ራሱ የሚታጠበው በእኔ ጀሪካን ነው።"

ፋንቱ መነሳት ጀምራ ቆመች።

"ናሆም ይህን ለማን ለማን ነገረ?"

"ለእኔ ብቻ። ለሌሎቹ ሐሙስ ሰብስቤ እነግራቸዋለሁ ብሎ ነበር።"

ሐሙስ ዛሬ ነው።

ፋንቱ ከጣቢያው ወጥታ ሄኖክን ጠራችው። መኪናው ውስጥ ሆና ወልድያ ለሂሩት ደወለች። ሂሩት ኬሚስትሪ ታስተምራለች፤ ናሆምን ያስተማረችው እሷ ናት። ድምፅዋ በልቅሶ ሰልሏል።

"ቆዳው ይመርጣል እንጂ አይከለክልም" አለች። "ውሃውን በብዛት፣ አልኮሉን በጥቂቱ ያሳልፋል። ከመቶ ሁለት፣ ሦስት ሁልጊዜ ይኖራል።"

"ጭራሽ ባይኖርስ?"

"ከቆዳው አልወጣም ማለት ነዋ።"

ማምረቻው ሲደርሱ ግርማ ተራው ላይ ነበር። ሞተሩ ይጮኻል። ፋንቱ እንዲያጠፋው ነገረችውና የረቡዕን ዘጠኝ ጠርሙሶች ጠረጴዛ ላይ አስደረደረች። የአልኮል መለኪያውንም አስመጣች፤ ውሃ ውስጥ ሲቆም ቁጥር የሚያሳይ ቀጭን የመስታወት ዘንግ ነው።

"እነዚህ ሦስቱ ያንተ ናቸው?"

"የኔ ናቸው። ጽሕፈቴ ነው።"

"ማሸጊያቸው ተነክቷል?"

አገላብጦ አየ። "አልተነካም።"

"ከቆዳው የወጡ ናቸው?"

"ከየት ሊወጡ ኖሯል?"

"ለሄኖክ ጻፍለት፤ ፈርም።"

ጽፎ ፈረመ። ፋንቱ የዓሪፍን የመጀመሪያ ጠርሙስ ከፍታ ቀዳች። ዘንጉ ሦስት ላይ ቆመ። ሁለተኛው፣ ሦስት። ሦስተኛው፣ ሦስት ሊሞላ ጥቂት ቀርቶታል። ስድስቱንም ለካች። ግርማ መጀመሪያ በትዕግሥት ያይ ነበር፤ በአራተኛው ላይ መለኪያውን ጎንበስ ብሎ ተመለከተ።

"ዓሪፍ አልኮል ደባልቆበታል" አለ።

"በስድስቱም እኩል?"

የግርማን የዘጠኝ ሰዓት ጠርሙስ ቀዳች። ዘንጉ ዜሮ ላይ ቆመ። የአሥር ሰዓቱ፣ ዜሮ። የስምንት ሰዓቱን በመጨረሻ ቀዳች። አንድ።

"ቆዳው ትንሽ አልኮል ያሳልፋል፣ ግርማ። ናሆም ማክሰኞ ለዓሪፍ ነግሮታል። ለአንተ ለመንገር ጊዜ አላገኘም።" የመጨረሻውን ጠርሙስ ወደሱ ገፋ አደረገችው። "ሦስት መሆን የነበረበት አንድ ነው። ሲሶው ከቆዳው ነው፤ ሁለት እጁ ከበርሜል የተቀዳ ውሃ። የሰዓት ሲሶ ሃያ ደቂቃ ነው። ናሆም የደወለው ሰባት ሰዓት ከሃያ ላይ ነው።"

"መሣሪያው ተበላሽቶ ይሆናል።"

"ቆዳው ቢቀደድ ጠርሙሱ አልኮል ይሞላ ነበር እንጂ ውሃ አይሞላም። ሄኖክ፣ የረቡዕ ከሰዓቱን በርሜል ለካው።"

ሄኖክ ለክቶ መጣ። "ዘጠና አምስት። የጠዋቱ ዘጠና ዘጠኝ ነው።"

"ሦስት ጠርሙስ ውሃ ወጥቶለት ያልጠራ አልኮል የት አለ?" አለች ፋንቱ።

ግርማ በእግሩ ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ።

"ብርቱካን ስሜን ነገረችው" አለ። "ማንጎው ጋ ጠብቀኝ፣ አስረዳሃለሁ አልኩት። በጓሮ አጥር ወጣሁ። ለምኜው ነበር። የሁለት ሰው ዓይን ጠፍቷል፣ ሦስተኛ እስኪጨመር አልጠብቅም ብሎ ጀርባውን ሰጠኝ።"

"በምን መታኸው?"

"በቧንቧ መፍቻ። ከብልቃጡ ጋር ከማንጎው ወዲያ ያለው ቦይ ውስጥ ነው።" ቀና አለ። ፊቱ ላይ ያለው ከጸጸት ይልቅ ግራ መጋባት ይመስል ነበር። "ውሃ ብቻ ነው ያለን እሱ ራሱ። በራሱ አፍ።"

መፍቻው ባለው ቦታ ተገኘ። ግርማ መታሰሩን ስትሰማ ብርቱካን በእግሯ ጣቢያ መጥታ ቃሏን ሰጠች።

ዓርብ ጠዋት ፋንቱ የዓሪፍን መፈቻ ወረቀት ፈረመች። በሩ ተከፍቶለት ቆሞ ቀረ።

"ያ ነገር መዝገብ ላይ ይገባል?" አላት።

"ግርማን የሚያስረው እሱ ነው። ላወጣው አልችልም። ፍርድ ቤት ጮክ ተብሎ ይነበባል።"

"ስንት ቀን አለኝ?"

"ሰኞ ይቀርባል።"

ዓሪፍ ጋቢውን አስተካከለ። "እንግዲያው ዛሬ ጁምዓ ነው።"

ፋንቱ መሄድ ነበረባት፤ አልሄደችም። ከመስጊዱ ማዶ መኪናው ውስጥ ሆና ጠበቀች። ሄኖክ ምን እንደምትጠብቅ አልጠየቃትም። ሶላቱ አልቆ ሰው አልወጣም። አንድ ድምፅ ለብቻው ሲናገር ቆየ፤ ቃሉ አይሰማም። ከዚያ የሼኹ የዝግታ ድምፅ ቀጠለ።

ወንዶቹ አንድ በአንድ መውጣት ጀመሩ። አንዳንዱ ጫማውን አጥልቆ ዓሪፍን ሳያይ ሄደ። አንድ ሽማግሌ እጃቸውን እንደ ባዕድ እጅ ገልበጥ ገልበጥ እያደረጉ አዩት። ዓሪፍ ከበሩ ጎን ቆሞ ለሁሉም አንገቱን ይደፋል። ከኋላ አንድ ረዥም ነጭ ጥምጣም ያደረጉ ሰው በምርኩዝ መጡ። አጠገቡ ሲደርሱ ቆሙ።

"ሦስት ወር ነው ያልከው?" አሉ። ድምፃቸው ከመንገዱ ማዶ ይሰማል።

"ሦስት ወር፣ አቶ አብዱልሐሊም።"

"ሼኹ ሳታውቁ ነውና ምንም የለባችሁም አለ። እኔ ልቤ አላረፈም፤ ቀዷ አወጣለሁ፣ የሦስት ወሩን እንደገና እሰግዳለሁ። ሽማግሌ ነኝ፣ ሦስት ወር ይሰጠኝ አይስጠኝ አላውቅም።"

"አውፍ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ።"

አብዱልሐሊም በምርኩዛቸው አፈሩን ጫር ጫር አደረጉ። "ባትነግረኝ ኖሮ ፍርድ ቤት እሰማው ነበር። ያን ጊዜ አንተን ባየሁህ ቁጥር እሸሽህ ነበር።" ምርኩዛቸውን አነሱ። "እሑድ ሦስት ሰዓት ላይ እንመጣለን። ልጅቷን አዘጋጅ።"

ሄዱ። ዓሪፍ ብቻውን ቀረ። ደስ ያለው ሰው አይመስልም። መንገዱን ተሻግሮ ወደ መኪናው መጣና በመስኮቱ ጎንበስ አለ።

"ወደ ወልድያ ነው?"

"አዎ።"

"የልጁ እናት ቤት ታውቂዋለሽ?"

"አውቀዋለሁ። ድንኳኑ እስካሁን አልፈረሰም።"

"ከእኔ ለመጨረሻ ጊዜ የሰማው ስድብ ነው" አለ ዓሪፍ። "እውነት ለነገረኝ። እናቱ ከሌላ ሰው እንድትሰማው አልፈልግም።"

ፋንቱ የኋላው ወንበር ላይ የነበረውን የመዝገብ ክምር አንስታ ጉልበቷ ላይ አደረገችና በሩን ከፈተችለት።